የገዳዩ ክብርና የታዳኙ ክብር

(በአቃቂ ቃሊቲ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አደን ነው። በፋብሪካና በመጋዘን፣ በከባድ መኪናና በኮንዶሚኒየም መካከል ለሚኖር የአቃቂ ሰው ስለ አንበሳና ስለ ዝሆን ማውራት ምን ይፈይዳል የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ሳልሰጥ ከዚህ መድረክ አልወርድም። አስቀድሜ ግን ሌላ ጥያቄ ላንሳ። በዓለም ላይ ያለ አዳኝ ሕዝብ ሁሉ «እኛ የምናድነውን አውሬ እናከብራለን» ይላል። እኛም እንላለን። አባባሉ እውነት መሆኑ በምን ይታወቃል? ክብሩ የገዳዩ ነው ወይስ የታዳኙ?

ከራሳችን እንጀምር። በአገራችን የትልልቅ አራዊት አደን የጀግንነት መለኪያ ነበር። ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ ወይም አውራሪስ የገደለ ሰው ጠላት ከገደለ ጦረኛ አያንስም ነበር። ግዳዩን ይዞ ሲመለስ በእልልታ ይቀበሉታል፤ ራሱን ቅቤ ይቀቡታል፤ እሱም በጌታው ፊት ቀርቦ እየፎከረ ግዳይ ይጥላል። አንበሳ የገደለ ጎፈሩን ይደፋል፤ ዝሆን የገደለ በጆሮው የወርቅ ጌጥ ያንጠለጥላል። የአውራሪሱ ቀንድ የጎራዴ እጀታና የመጠጫ ዋንጫ፣ የጎሹ ቆዳ ጋሻ ይሆናል።

ይህ ባህል የአንድ ብሔረሰብ ብቻ አልነበረም። በኮንሶ ጀግና ሲሞት ዋካ የሚባል ከእንጨት የተጠረበ ምስል ይቆምለታል። ሟቹ መሀል ላይ ነው፤ ሚስቶቹና የገደላቸው ጠላቶች በግራና በቀኙ ይሰለፋሉ። ነብር ወይም አንበሳ ገድሎ ከሆነ አውሬውም ተቀርጾ አብሯቸው ይቆማል። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እነዚህ ዋካዎችም ከታወቁለት ነገሮች መካከል ነበሩ። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው የአውሬውን ቦታ ነው። የቆመው ከጠላት ጦረኛ ጋር አብሮ ነው። የኮንሶ ጠራቢ አውሬውን እንደ ዕቃ አልቆጠረውም፤ እንደ ተጋጣሚ ቆጥሮታል።

ይህን ክብር ማጣጣል አልፈልግም፤ በጦርና በጎራዴ ዘመን መሠረት ነበረውና። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 በሰቲት ወንዝ ዳር፣ ማለትም ተከዜ ወደ ሱዳን በሚወርድበት አገር፣ ሐምራን የሚባሉ አዳኞች ዝሆንን በጎራዴ ብቻ ሲገጥሙ አይቷል። አንዱ ፈረሰኛ ዝሆኑን አስቆጥቶ በኋላው ያስከትለዋል፤ ሌላው ደግሞ ከበስተጀርባ ደርሶ ከፈረሱ ይወርድና የኋላ እግሩን ጅማት ይመታል። ፈረሱ ቢደናቀፍ፣ ክንዱ ቢስት፣ ዝሆኑ ዞር ቢል አዳኙ አለቀለት። እንዲህ ያለው ሰው ከድሉ በኋላ ቢፎክር ማን ይነቅፈዋል? ነፍሱን አስይዞ ነው የገባው።

ከዚያ ጠመንጃ መጣ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የጠመንጃው ቁጥር በአገራችን እየበዛ ሄደ፤ በምፅዋና በዘይላ በኩል የሚወጣው የዝሆን ጥርስም ገበያው ደራ። በጦር ዘመን የአንድ ጀግና የዕድሜ ልክ ዝና የነበረው ነገር በጥይት ዘመን የአንድ ጧት ሥራ ሆነ። ፉከራው ግን አልተለወጠም፤ ጎፈሩም የወርቅ ጌጡም እንዳለ ነበር። አደጋው ቀርቶ ክብሩ ብቻውን ተረፈ ማለት ነው። ውጤቱን ዛሬ እያየነው ነው። አውራሪስ ከዱራችን ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ዝሆንም በባቢሌ፣ በማጎ፣ በጨበራ ጩርጩራ፣ በቃፍታ ሽራሮና በመሳሰሉት ጥቂት ቦታዎች ተወስኖ ቀርቷል።

አሁን ወደ ሌላው ገጽ ልሂድ፤ ብዙ ጊዜ የማይነገረው እሱ ነው። በዚችው አገር ሌሎች አዳኞች ነበሩ። የሚያድኑት ለዝና አልነበረም፤ ለእራታቸው ነበር። እነሱን ምን አደረግናቸው?

በጣና ሐይቅ ዳር ጎረቤቶቻቸው ወይጦ የሚሏቸው ሰዎች አሉ። ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ ሆነው ጉማሬ የሚወጉ የታወቁ አዳኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን የቆየው ጄምስ ብሩስ ስለ እነሱ ጽፏል። ሥጋውን ይበላሉ፤ ከቆዳው አለንጋና ጋሻ ይሠራል። ሃይማኖታቸው እስልምና ነው፤ ነገር ግን ጉማሬ ይበላሉ ተብሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ራቃቸው። አብሯቸው የሚበላ፣ ከእነሱ የሚጋባ አልነበረም። እስቲ አስቡት! ወይጦው የወጋው ጉማሬ ቆዳ አለንጋ ሆኖ በመኳንንቱ እጅ ይያዛል፤ ጉማሬውን የወጋው ሰው ግን ከመኳንንቱ ደጃፍ አይደርስም። ዛሬ ጉማሬ ማደኑ ቀርቶ በዓሣ ማስገር፣ ታንኳና ወፍጮ በመሥራት ይተዳደራሉ፤ የጥንት ቋንቋቸውም ጠፍቶ የሚናገሩት አማርኛ ነው።

በከፋ ደግሞ ማንጆዎች አሉ። በከፋ ንጉሦች ዘመን የመንግሥቱን በሮች ይጠብቁ ነበር፤ በጫካው ውስጥ በመረብና በጦር ያድናሉ። ጉሬዛና የዱር አሳማ ይበላሉ ስለተባለ እንደ ርኩስ ተቆጠሩ፤ ከሰው ቤት አይገቡም ነበር። በዚያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጉሬዛ ቆዳ በአውሮፓ ፋሽን ሆኖ ወይዛዝርቱ ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጉት ነበር። ቆዳው ያስከብራል፤ ሥጋው ያስንቃል። በቦረናና በአካባቢው የሚኖሩት፣ በመርዝ ቀስት ዝሆን በመጣል ስማቸው እስከ ኬንያ የደረሰው ዋታዎችም በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ዝቅ ተደርገው ነው የኖሩት።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። ለስም የገደለውን ቅቤ ቀባነው፤ ለመብል የገደለውን ከማዕድ አራቅነው። አውሬውን ከሁሉም በላይ የሚያውቀው ሰው፣ ዱካውን፣ የሚጠጣበትን ሰዓት፣ የሚወልድበትን ወራት የሚያውቀው ሰው፣ ስለ አውሬው እንዲናገር አንድ ቀን እንኳ መድረክ አልሰጠነውም።

ሌሎች ሕዝቦች እንዴት ኖሩ? ጥቂት ልጥቀስ።

በደቡብ አፍሪካ ቀጠና በካላሃሪ በረሃ የሚኖሩ ሳን የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። ሪቻርድ ሊ የተባለ ካናዳዊ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አብሯቸው ኖሯል። በገና በዓል ያስተናግዳቸው ዘንድ አንድ የሰባ ሰንጋ ገዛ። ሰዎቹ ግን አጥንት ብቻ ነው፣ ተርበን ልናድር ነው እያሉ ለቀናት አብሸቁት። ሰንጋው ሲታረድ ስቡ ይንጠባጠብ ነበር። ግራ ገብቶት ምክንያቱን ሲጠይቅ ልማዳቸው መሆኑን አስረዱት። ወጣት አዳኝ ብዙ ሥጋ ይዞ ሲመጣ ራሱን እንደ አለቃ፣ ሌላውን እንደ አገልጋይ መቁጠር ይጀምራል፤ እንዲህ ያለ ትዕቢት ደግሞ አንድ ቀን ሰው ያስገድላል። ስለዚህ ሥጋውን ያጣጥሉበታል፤ ልቡ ይበርዳል። ሌላም ደንብ አላቸው። የሥጋው ባለቤትና አከፋፋይ ቀስቱን የወረወረው ሰው ሳይሆን የፍላጻው ባለቤት ነው፤ ፍላጻ ደግሞ ይዋዋሳሉ። አድኖ የማያውቅ ሽማግሌ ወይም ሴት በዚህ መንገድ የሥጋ አከፋፋይ ትሆናለች። በእኛ ዘንድ ገዳዩ ሲፎክር አገር ያጨበጭባል፤ በእነሱ ዘንድ ገዳዩ ዝም ይላል፣ አገር ያሾፍበታል። እኛም እኮ «ሙያ በልብ ነው» የሚል ተረት አለን፤ ለአዳኙ ስንደርስ ነው የተውነው።

በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩት ኢኑይቶች ሲል የሚባለውን የባሕር እንስሳና ዓሣ ነባሪ ያድናሉ። ሲል የሚኖረው በጨው ውኃ ውስጥ ነው። አዳኙ ሲል ገድሎ ወደ ላይ ሲያወጣ በአፉ ንጹሕ ውኃ ያፈስለት ነበር። በሕይወቱ ያልረካው ጥም እንዲቆርጥለት ነው፤ በደንብ የተስተናገደ እንስሳም ዳግመኛ ወደ አዳኙ ይመጣል ብለው ያምናሉ። በካናዳ ጫካ የሚኖሩት ክሪዎች የድብና የቢቨር አጥንት ለውሻ አይጥሉም፤ ሰብስበው ዛፍ ላይ ይሰቅሉታል። በጀርመን ደግሞ አዳኝ አጋዘን ሲጥል የዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ በአፉ ውስጥ ያስገባለታል፤ ትርጉሙም የመጨረሻ ጉርሻ ማለት ነው። ከዚያ የወደቁት እንስሳት በሥርዓት ይደረደራሉ፤ ለእያንዳንዱ ዓይነት የተለየ የመለከት ድምፅ ይነፋል።

የጉርሻ አገር ሰዎች ስለሆንን ይህ ይማርከናል። ነገር ግን ቸኩለን አናጨብጭብ። እ.ኤ.አ. በ1934 ጀርመን ውስጥ ዝርዝርና ጥብቅ የአደን ሕግ ወጣ፤ የአገሪቱ የአደን አለቃም ሄርማን ጎሪንግ ነበር። የሂትለር ቀኝ እጅ የነበረው ሰው ለአጋዘን ጉርሻ በሚያጎርስ ሥርዓት ላይ የበላይ ሆኖ ተቀመጠ። ለአጋዘን የሚጨነቅ ሥርዓት ለሰው ልጅ አልራራም። ከዚህ የምንማረው፣ ሥርዓት ብቻውን የልብ ምስክር አለመሆኑን ነው።

ታዲያ መለኪያው ምን ይሁን? እኔ የማቀርበው መለኪያ ቀላል ነው፤ ክብሩ አዳኙን ምን ያስከፍለዋል? አዳኙን የሚያስጌጥ ክብር የገዳዩ ክብር ነው። አዳኙን የሚገድብ፣ እጁን የሚይዝ፣ ከኪሱ የሚያስወጣ፣ ትዕቢቱን የሚያወርድ ክብር ግን የታዳኙ ክብር ነው። የሳን አዳኝ ዝናውን ይከፍላል። የሐምራኑ አዳኝ ነፍሱን ያሲዛል። አሜሪካኖች በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠረውን ጎሻቸውን ፈጅተው ከሺህ በታች ካደረሱት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 በጠመንጃና በጥይት ሽያጭ ላይ የተጣለውን ግብር ለዱር እንስሳት ጥበቃ የሚያውል ሕግ አወጡ፤ እዚያ አዳኙ የሚከፍለው ገንዘብ ነው።

በዚህ መለኪያ ስንመዘን እኛ ባዶ እጃችንን ነን? አይደለንም። ክብራችን ያለው ከፉከራው ሜዳ ውጭ ነው።

አንደኛው በቢላዋችን ላይ ነው። ክርስቲያን በስመ ሥላሴ ሳይባርክ፣ ሙስሊም ቢስሚላህ ሳይል አያርድም። አዳኙ ሚዳቋ ወይም ድኩላ ቢመታ ነፍሷ ሳትወጣ ደርሶ ባርኮ ማረድ አለበት፤ ሞታ ካገኛት በክት ናት፣ አትበላም። ይህ ደንብ አዳኙን ያስሮጠዋል፤ ከሩቅ ዝም ብሎ እንዳይተኩስም ይይዘዋል። ከዚህም በላይ ነፍሲቱ የእሱ እንዳልሆነች፣ ባለቤት እንዳላት ያሳስበዋል። ይኸው የመብል ሕግ ግን እንስሳን ከእንስሳ መለየቱ አልበቃን ብሎ ሰውን ከሰው ለየንበት። ወይጦውና ማንጆው የተጎዱት በዚህ ነው። ሕጉ የታዘዘው ለሳህናችን ነበር፤ እኛ ለጎረቤታችን አደረግነው።

ሁለተኛው በደጃችን አለ። ሰማዩ ሲጠራ ከዚህ ከአቃቂ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው የዝቋላን ተራራ ያያል። እዚያ የሚከበሩት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው። ሥዕላቸውን የማያውቅ የለም፤ ሰውነታቸው በፀጉር ተሸፍኖ፣ 60 አንበሶችና 60 ነብሮች ከበዋቸው፣ የተጠማች ወፍ የዓይናቸውን እንባ ስትጠጣ ይታያል። ያ ሥዕል ከዋካው ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጥ ትልቅ ትምህርት ነው። በአንዱ አንበሳው የተሸነፈ ተጋጣሚ ነው፤ በሌላው ጎረቤት ነው። ጻድቁ ለወፏ የሰጧት ከገዛ ዓይናቸው ነው። በተራራው አናት ላይ ሐይቁን የከበበው ደን እስካሁን የቆየውም፣ በየገጠሩ የቤተ ክርስቲያን አጸድ ለአዕዋፍና ለጉሬዛ መሸሸጊያ የሆነውም፣ ቦታው የተከበረ ነው ተብሎ መጥረቢያና ጠመንጃ ስለተገታ ነው።

ሦስተኛው ሕግ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1909 የዝሆን አደንን የሚገድብ ትእዛዝ አውጥተዋል። ራሳቸው የጀግና ግዳይ ሲጣልላቸው የኖሩ ንጉሥ «ይበቃል» ማለታቸው ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1936 ዓ.ም. የአራዊት ጥበቃ አዋጅ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1963 እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጁልያን ሃክስሌ የነበሩበት የዩኔስኮ ልዑክ መጥቶ ብሔራዊ ፓርኮች እንዲቋቋሙ መከረ፤ ሰሜን ተራሮችና አዋሽ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ተከለሉ። ቀጥሎም የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጣ። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ በአዲስ አበባ፣ በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል፣ መንግሥት በየጊዜው የያዘውን ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ አቃጠለ። በገበያ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ሀብት ነበር። በእኔ መለኪያ ያ እሳት ከብዙ ፉከራ ይበልጣል፤ ያስከፈለ ክብር ነውና።

ዛሬም በአገራችን ሕጋዊ አደን አለ። በአርሲና በባሌ ደጋዎች በተከለሉ የአደን ቀበሌዎች የውጭ አገር አዳኞች ይመጣሉ። ዋነኛው የሚፈልጉት ደጋ አጋዘንን ነው፤ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ሳይንስ ያወቀው ዘግይቶ ነው። አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 ገድሎ ናሙና ወሰደ፤ በ1910 ሳይንሳዊ ስም ተሰጠው፤ ስሙም የገዳዩን ስም ይዞ ቀረ። ይህም የገዳይ ክብር ነው! በኪሳችሁ የ10 ሳንቲም ገንዘብ ከተገኘ በጀርባው ያለው እንስሳ እሱ ነው።

የውጭው አዳኝ ፈቃድ አውጥቶ በዶላር ይከፍላል። ከተመደበለት ኮታ አያልፍም፤ ጠባቂም አብሮት ይሄዳል። ቀንዱን ወስዶ ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። አንዳንዶቻችን ይህን ስንሰማ እንቆጣለን። የእሱ ግድግዳ ከእኛ አያቶች ጎፈር በምን ይለያል? ልዩነቱ መክፈሉ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን መሆን ያለበት ገንዘቡ የት ደረሰ የሚለው ነው። አጋዘኑ ገብሱን ለሚበላበት፣ ልጁ በጫካው ጥግ ከብት ለሚጠብቀው ገበሬ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሆኖ ከደረሰ፣ ገበሬው ነገ የአጋዘኑ ጠበቃ ይሆናል። ካልደረሰ ግን ጫካውን አርሶ ቢዘራበት ልንፈርድበት አንችልም።

አሁን ቃል የገባሁትን መልስ ልስጥ። ይህ ሁሉ ለአቃቂ ሰው ምኑ ነው?

ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች አዲስ አበባን አቋርጠው በእኛ በኩል ወርደው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። አባ ሳሙኤል ለመብራት ኃይል የተገደበ ሐይቅ ነው። ሐይቁና በዙሪያው ያለው ረግረግ ግን ለአዕዋፍ ትልቅ ቦታ ሆኖ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ ነው። የፈረንጆቹ ክረምት ሲገባ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ዳክዬዎችና ረጃጅም እግር ያላቸው አዕዋፍ እዚህ ይከርማሉ፤ የአገራችን ዝይዎችም አሉ። አንዲት ዳክዬ እዚህ ለመድረስ በብዙ አገሮች አዳኞች ላይ አልፋ ነው የምትመጣው። ከእነዚያ አዳኞች ብዙዎቹ ፈቃድ አላቸው፤ የተወሰነ ወራት አላቸው፤ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ከጠመንጃው ሁሉ ተርፋ አቃቂ ስትደርስ የሚጠብቃት የከተማው ፍሳሽ ነው። የቆዳ ፋብሪካ ኬሚካል፣ የመጸዳጃ ቤት ቱቦ፣ በዝናብ ታጥቦ የሚገባ ፕላስቲክ። ረግረጉም በአፈር እየተሞላ ይጠብባል።

እኛ ጠመንጃ አላነሳንም፤ መረብም አልዘረጋንም። ሆኖም እንገድላለን። አገዳደላችን ከአዳኞች ሁሉ የከፋ ነው፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ አይታወቅምና። የሳኑ አዳኝ የገደለውን ያውቃል። ወይጦው የገደለውን በልቶ ያድራል። ፎካሪው እንኳ የገደለውን ይቆጥራል። የእኛን ግድያ የሚቆጥር፣ የሚባርክ፣ የሚያፍርበትም የለም። ዱር ሄዶ የማያውቅ የከተማ ሰው ስለ አደን ሥነ ምግባር ማወቅ ያለበት ለዚህ ነው፤ ሳያውቀው አዳኝ ሆኗል።

መለኪያው ለእኛም ይሠራል። ለአባ ሳሙኤል አዕዋፍ ያለን ክብር ምን ያስከፍለናል? ፋብሪካውን የፍሳሽ ማጣሪያ ያስከፍለዋል፤ ማጣሪያውን ሠርቶ ያላበራውን ደግሞ ማብራቱን ያስከፍለዋል። ክፍለ ከተማውን የረግረጉን ዳርቻ ለግንባታ አለመስጠት ያስከፍለዋል። የእያንዳንዳችንን ቤት ቆሻሻን ወንዝ ውስጥ አለመጣል ያስከፍላል። ወፏን በወንጭፍ የሚመታውን ልጅ ከመቆጣታችን በፊት እነዚህን እንክፈል፤ ልጁ ቢያንስ ምን እንደመታ ያውቃል።

አንድ ተግባር ለመምህራን ልስጥ። በየዓመቱ ጥር አካባቢ በብዙ አገሮች የውኃ አዕዋፍ ቆጠራ ይደረጋል። ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ወደ ሐይቁ ውረዱ፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃል፣ ማጉያ መነጽር ከተገኘ ደግሞ እሰየው። የዓመቱን ቁጥር ከአምናው ጋር አስተያዩ፤ ከቀነሰ ምክንያቱን ለክፍለ ከተማው ጻፉ። አያቶቻችን ልጆቻቸውን የሞተውን እንዲቆጥሩ አስተማሯቸው፤ እኛ በሕይወት ያለውን መቁጠር እናስተምር። ሪፖርቱም በየዓመቱ በዚህ አዳራሽ ይነበብ፤ ፋብሪካዎቹም ተጋብዘው ይስሙት።

 አሁን ጥያቄና ተቃውሞ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ በተለይ በልጅነታችሁ ያደናችሁ አባቶች ካላችሁ መድረኩ የእናንተ ነው።